«ደም ስሬን እዩልኝ» ብላ የመጣች የለችም

ፒሲኦኤስ እና የደም ስር ጤና፦ ጅማ ላይ ለሴቶች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጤና ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ

እናቶች፣ እህቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ በአጭሩ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ወደ ሐኪም የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው። ወይ የወር አበባዋ ተዛብቷል፣ ወይ አገጯና ደረቷ ላይ ፀጉር በዝቷል፣ ወይ አግብታ ልጅ ዘግይቶባታል። «ደም ስሬን እዩልኝ» ብላ የመጣች ግን የለችም። ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይታዘዝላታል፣ የወር አበባ የሚያስተካክል ክኒን ይጻፍላታል፣ ካርዷ ይዘጋል። ግፊቷ ሳይለካ፣ ወገቧ ሳይለካ፣ ስኳሯ ሳይታይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ስለተዘለለው ነገር ነው።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ስሙ ነውና። ኦቫሪ የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል ነው፣ ሲስት ደግሞ ውሃ የቋጠረ ከረጢት። «ኦቫሪሽ ላይ ሲስት አለ» የተባለች ሴት ዕጢ ነው፣ ይቆረጣል፣ ካንሰር ይሆናል እያለች እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ግን ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ ከሰሊጥ ፍሬ እስከ ሽምብራ የሚያክሉ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ ቀርተዋል እንጂ በሽታ ያዘለ ዕጢ አይደሉም። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ኢርቪንግ ስታይን እና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች 7 ሴቶችን መርምረው ያዩትን ከጻፉ በኋላ ነው። እነሱ ያዩት ኦቫሪውን ስለሆነ ስሙም እዚያው ተጣብቆ ቀረ። የሁላችንም ዓይን ከኦቫሪው ሳይነቀል የቆየው በዚሁ ሰበብ ይመስለኛል።

ምርመራው ዛሬ የሚቆመው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙ ነው፦ የተዛባ የወር አበባ (በ21 ቀን ውስጥ የሚመለስ፣ ከ35 ቀን በላይ የሚቆይ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የሚመጣ)፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት (በደም ምርመራ ወይም በፀጉርና በብጉር የሚታይ)፣ እና በአልትራሳውንድ የሚታየው የኦቫሪ መልክ። የሌሎች ሆርሞኖች (የታይሮይድና የፕሮላክቲን) ችግር አለመኖሩ አስቀድሞ ይጣራል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ካሉ አልትራሳውንድ የግድ አይደለም። የወር አበባ ካዩ 8 ዓመት ላልሞላቸው ልጃገረዶች ደግሞ ለምርመራው ባንጠቀምበት ይመረጣል፤ በዚያ ዕድሜ ጤነኛዋም ኦቫሪ እንዲያ ልትመስል ትችላለችና። ከ10 ሴቶች አንዷ ገደማ ይህ ችግር አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ችግሩ ካለባቸው ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አያውቁትም።

አሁን ወደ ደም ስሩ እንግባ።

የደም ስር ውስጠኛው ግድግዳ ኢንዶቴሊየም በሚባል የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ባለው ሽፋን የተለበጠ ነው። እንጀራ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ፤ በጎመን ዘር በደንብ የታሰሰ ምጣድ እንጀራ አይይዝም፣ አሰሳው ሲለቅ ግን እንጀራው እየተቆራረጠ ይቀራል። ይህም ሽፋን ጤነኛ ሲሆን ደሙ ሳይጣበቅ ያልፋል፣ ሲጎዳ ስቡም የደም ሴሎቹም ግድግዳው ላይ መያዝ ይጀምራሉ። የሚለየው ምጣዱ ግዑዝ ሲሆን ኢንዶቴሊየም ሕያው መሆኑ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመረተ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ያላላል፣ ደም ስሩም ይሰፋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 ከጥንቸል የተወሰደ ደም ስር ላይ ሲሠሩ ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ ሽፋኑ ሲታሽና ሲነሣ፣ ይሰፋ የነበረው ደም ስር መስፋቱን አቆመ። ጋዙ ምን እንደሆነ በኋላ ታወቀ፣ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1998 ለሦስት ሰዎች የኖቤል ሽልማት አስገኘ።

ታዲያ ይህ ከፒሲኦኤስ ጋር ምን አገናኘው? መሐል ላይ የቆመው የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን ነው። ፒሲኦኤስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን ጆሮ ይነፍጋል። ቆሽት ደግሞ የሚሰማው ሲያጣ ይበልጥ ይጮሃል፤ ኢንሱሊን ይበዛል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪው የወንድ ሆርሞን እንዲያመርት ይገፋፋል፣ ጉበትም ያንን ሆርሞን የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል፣ ስለዚህ ልቅ ሆኖ የሚዞረው ሆርሞን ይጨምራል። የአገጩ ፀጉር ምንጩ ይህ ነው።

ደም ስር ላይ ግን ኢንሱሊን በሁለት መስመር ይሠራል። በአንደኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲመረት አዝዞ ደም ስሩን ያሰፋል። በሁለተኛው ኢንዶቴሊን የተባለውን፣ ደም ስር የሚያጠበውን ንጥረ ነገር ያስመርታል። በጤነኛ ሰው ሁለቱ ይመዛዘናሉ። ሰውነት ለኢንሱሊን ጆሮ ሲነፍግ የሚደነቁረው ግን የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ወትሮው ይሰማል። ትእዛዙ በእጥፍ ሲመጣ የሚያሰፋው አይሠራም፣ የሚያጠበው ከልክ በላይ ይሠራል። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የወር አበባው መዛባትና የደም ስሩ መጥበብ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አይደሉም፤ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ለዚህም ነው የወር አበባ በክኒን ስለተስተካከለ ብቻ ደም ስሩም ዳነ ማለት የማይቻለው። ልጅ መውለድም አያድነውም። «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚባለውን አትስሙ።

ጉዳቱ በዓይን ይታያል ወይ ለሚል፣ ለጥናት የሚሠራ አንድ ምርመራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተዋወቀ ነው። ሴትዮዋ ጋደም ትላለች፣ ከክርኗ በላይ ያለው ደም ቅዳ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ 4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ክንዷ ከክርን በታች በግፊት መለኪያ ለ5 ደቂቃ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ደሙ ይቆማል። ሲለቀቅ ደሙ እየገሰገሰ ይመጣና ሽፋኑን ያሻሸዋል፣ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቅቃል፣ ደም ስሩ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይሰፋል። 7 በመቶ ሰፋ ማለት 0.28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ልክ ሲለካ ክንድ ትንሽ ቢንቀሳቀስ፣ ጠዋት ቡና ቢጠጣ ወይም ሲጋራ ቢጨስ ውጤቱ ይበላሻል። የወር አበባ ዑደትም ይለውጠዋል፤ ፒሲኦኤስ ላይ ዑደቱ ራሱ ስለማይታወቅ ለመለካት ትክክለኛውን ቀን መምረጥ ያስቸግራል። ይህ ሁሉ ተጠብቆ ሲሠራ ግን ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች፣ ወጣቶቹና ቀጫጮቹም ሳይቀሩ፣ በአማካይ ደም ስራቸው የሚሰፋው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነው። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይመለከተኝም» ለምትል እህት መልሱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ልክ አናልፍም። ገና ወጣት በሆነች ሴት ላይ የልብ ድካምም ሆነ ስትሮክ የመምጣት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ፒሲኦኤስ ቢኖርም። ዕድሉ ከእኩዮቿ ከፍ ይላል፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። የሚያሳስበን ዛሬ የምትሰማው ሕመም አይደለም፤ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ ማንም ሳያየው በ45 ዓመቷ የሚጠብቃት ነው። ደግሞም ማንኛውም ጤና ጣቢያ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ሜትርና በአንድ ላቦራቶሪ ሊያየው የሚችል ነገር ነው።

ከግፊቱ እንጀምር። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እርግዝና ሲታሰብ ደግሞ አስቀድሞ ይለካል። ቀላል ይመስላል፤ ግን በየቀኑ ከሚሠሩ ሥራዎች ይህን ያህል የሚበላሽ ብዙ የለም። ሴትዮዋ ዳገት ወጥታ፣ ወይም ከባጃጅ ወርዳ ሮጣ ገብታ ወዲያው አትለካም። ሽንቷን ትሽና፣ ጀርባዋን ወንበር አስደግፋ፣ እግሯን ሳታጣምር ወለል ላይ አሳርፋ 5 ደቂቃ ትቀመጥ። ክንዷ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከልቧ ጋር እኩል ይሁን። 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ከደሙ ክብደት ብቻ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጨምራል፤ ያ ማለት 134 የነበረው 142 ሆኖ ይጻፋል፣ ጤነኛዋ መድኃኒት ይጀመርላታል። የሹራብ እጅጌ ተጠቅልሎ ክንድ ማነቅ የለበትም፤ ይውለቅ። እየተለካች አታውራ፣ የሚለካትም አያዋራት። ሁለት ጊዜ፣ በመሐል አንድ ደቂቃ እየተጠበቀ ይለካና አማካዩ ይያዝ።

የማሰሪያው ስፋት ከሁሉ ይበልጥ ይረሳል። ብዙዎቹ መለኪያዎች ላይ የክንድ ዙሪያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር የሚል ተጽፏል። ክንዷ 36 የሆነች ሴት በዚያ ከተለካች ጠባቡ ማሰሪያ ቁጥሩን ከእውነቱ ያስበልጠዋል። ክንድን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት 10 ሰከንድ ነው፤ ትልቁን ማሰሪያ አምጡልኝ ማለት ነውር የለበትም። በጤና ተቋም በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል፤ እቤት በሚለካው ደግሞ ከ135/85 ጀምሮ።

ቡናውንም እናንሣ፤ ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ግፊት እያወሩ ቡናን ማለፍ አይቻልም። ካፌይን ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች አይጠጣ፣ ቢቻል ከዚያም ቀደም ብሎ ይቁም። እንዲቀር ግን አንመክርም። የሚያሳስበን ስኳሩ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን በየሲኒው 2 የሻይ ማንኪያ ከጨመርን 6 ማንኪያ ሆነ። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነውና 24 ግራም ስኳር በአንድ ቁጭታ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ሙሉ ይመረጣል ከሚለው 25 ግራም ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት ቡና ሲጠራ ደግሞ አስቡት። በአንድ ጊዜ ለመተው ያቃታት በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ትቀንስ፤ ምላስ ይለምዳል።

ጫት ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ደም ስር ያጠብባል፣ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፤ ከላዩ ላይ ለስላሳው፣ ሺሻው፣ ለሰዓታት መቀመጡ አለ። ደም ስሯ ቀድሞውንም መስፋት ላቃተው ሴት ለዚህ ማስተባበያ አናበጅለትም።

ወገብ የሚለካው በቀሚስ መታጠቂያ ላይ አይደለም። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሐል፣ ልብስ ተገልጦ፣ አየር በዝግታ ወጥቶ ባለቀበት ጊዜ ነው። ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ማስጠንቀቂያ ነው፣ 88 ከዚያ የባሰ። አንገትና ብብት ሥር የጠቆረና እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቆዳም ልብ ይባል። ብዙ እህቶች እድፍ መስሏቸው እስኪደማ ያሹታል። እድፍ አይደለም፤ የኢንሱሊን መብዛት ቆዳ ላይ የጻፈው ነው፣ በሳሙናም አይለቅም።

ስኳር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ፒሲኦኤስ ባለባት ሴት የጾም ስኳር ብቻውን ብዙ ያሳልፋል። ጠዋት 92 የሆነው ከምግብ በኋላ 170 ሊሆን ይችላል። ተመራጩ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ከ2 ሰዓት በኋላ መለካት ነው። ከዚያ በፊት ለ3 ቀን እንደ ወትሮው ይበላ፣ ምግብ ቀንሶ መምጣት ውጤቱን ያዛባል። ሌሊቱን ከ8 እስከ 14 ሰዓት ከምግብ መቆየት ያስፈልጋል፤ ውሃ ይፈቀዳል። የጾሙ ደም ከተወሰደ በኋላ ግሉኮሱ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከተጀመረበት ነው። 2 ሰዓቱን ቁጭ ብላ ታሳልፍ፤ ገበያ ደርሳ ልትመለስ አትችልም፣ መራመዷ ስኳሩን ያወርደዋል። ካስመለሳት ምርመራው ፈርሷል፣ ሌላ ቀን ይደገማል። በረመዳን ባይሠራ ይሻላል፤ የአመጋገብ ሰዓቱ ተገልብጦ ነው ያለው።

ለላቦራቶሪ ባልደረቦች አንድ ቃል፦ ደሙ በቱቦ ተቀምጦ በቆየ ቁጥር ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፣ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ። ግራጫ ክዳን ያለው፣ ፍሎራይድ ያለበት ቱቦ ከሌለ ቶሎ ይዙርና ይለይ። መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት የቆየ ናሙና 140 የነበረውን 125 አድርጎ ሊነግራችሁ ይችላል።

ከ2 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ140 እስከ 199 ስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ ናት፤ 200 እና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው። ደህና ከሆነም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ይደገም። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ምቹ ነው፣ ግን ብረት ያነሳት ሴት ላይ ከፍ ብሎ፣ በወባ ደሟ በተጎዳ ሴት ላይ ዝቅ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ሁለቱም ችግሮች እኛ ዘንድ ባዳ አይደሉም።

የደም ቅባት ችግሩ እንደታወቀ አንዴ ይታይ፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ150 በታች፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ከ50 በላይ ቢሆን ይፈለጋል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ ሰው የሚጠብቀው መድኃኒት ነው፤ እኛ ግን ከእግር እንጀምራለን። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳል። በፍጥነት የሚፈስሰው ደም ደግሞ ሽፋኑን እያሻሸ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስለቅቃል፤ ያ የክንዱ ምርመራ በሰው እጅ የሚያደርገውን የእግር ጉዞ በየቀኑ ያደርገዋል። ስለዚህ ክብደት ባይቀንስም ደም ስሩ ይጠቀማል። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ቀን 30 ደቂቃ፤ እያወራሽ የምትሄጂበት ግን ዘፈን የማያዘፍን ፍጥነት። ወደ ጅሬን የሚወጣውን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ላይ የሚዘፍን የለም። በተጨማሪ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፤ ውሃ የተሞሉ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች አንዳቸው 5 ኪሎ ናቸው፣ ስፖርት ቤት አያስፈልግም። ውፍረት ያላት ሴት ከክብደቷ 5 በመቶ ብትቀንስ፣ 80 ኪሎ የሆነችው 4 ኪሎ ማለት ነው፣ የብዙዎች የወር አበባ ራሱ መመለስ ይጀምራል።

ምግብ ላይ ረጅም ዝርዝር አንሰጥም። የምስር፣ የሽሮና የጎመን መጠን ከእንጀራው ይብለጥ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚጎዳው ስብ ስለሆነ ከተገኘ ኑግ ወይም ሱፍ ይመረጥ፣ የጾም ነው ተብሎ ዘይት አይንጣለል። ጨው ለቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በርበሬውና ሽሮው ላይ አስቀድሞ የገባውም ይቆጠራል።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት በሐኪም ሲታዘዝ 500 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር ተጀምሮ በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ 500 ይጨመራል። ከጅምሩ 1000 የተሰጣት ሴት ሆዷ ታውኮ በሦስተኛው ቀን ትጥለዋለች፣ ከዚያ «አልተስማማኝም» ተብሎ ይመዘገባል። ያልተስማማት አጀማመሩ ነው። በረመዳን ለምትጾመው ሐኪሟ በኢፍጣርና በሱሁር ሊያደርግላት ይችላል። ለዓመታት ከተወሰደ ቫይታሚን ቢ12 ስለሚያሳንስ እጅና እግር መደንዘዝ ከመጣ ይታይ።

የወር አበባ የሚያስተካክለው ባለሁለት ሆርሞን ክኒን ለፀጉሩም ለወር አበባውም ይጠቅማል፤ ግፊት ግን ሊጨምርና ደም ሊያረጋ ይችላል። ግፊት ሳይለካ አይጀመር፣ በ3 ወርም ይደገም። ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነች፣ ዕድሜዋ ከ35 አልፎ የምታጨስ፣ ወይም ዓይን ላይ ብልጭታ የሚቀድመው ማይግሬን ያለባት ሴት ሌላ አማራጭ ይፈለግላት። ክኒኑን ጀምራ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

መጨረሻ ላይ ስለ እርግዝና። «ግፊት ይዤ ማርገዝ እችላለሁ ወይ?» የሚለው በተደጋጋሚ ይጠየቃል። ይቻላል፤ መድኃኒቱ ግን አስቀድሞ ይቀየር። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ፅንሱን ይጎዳል፣ ለፀጉር የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶንም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ይቆማሉ። በእርግዝና ወቅት የሚስማሙ እንደ ሜቲልዶፓና ኒፈዲፒን ያሉ አሉ። መቀየሩ የሚሻለው የወሊድ መከላከያው ከመቆሙ በፊት ነው፤ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት የወር አበባዋ ሲቀር ስለማይደንቃት፣ ማርገዟን ሳታውቅ ሦስት ወር ልታልፍ ትችላለች። ከተረገዘ በኋላ የእርግዝና ስኳርና የእርግዝና ግፊት ከሌሎች እናቶች ይበልጥ ያሰጋታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን «ፒሲኦኤስ አለብኝ» ብላ ትናገር፣ ካርዱም ላይ ይጻፍላት። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከእንብርት በላይ የሚወጋ ሕመም ከመጣ በዚያኑ ቀን ግፊቷ ይለካ፤ ሌሊትም ቢሆን።